ጠበል ልቀዳ በሄድኩበት

እናኑዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ፤ ሁለተኛው ክረምት ደግሞ ጮቄ ራስ ላይ ደመናውን ቆልሎ እየጠበቀን ነው። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሰሞን አወጣን። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ተቀይሜሻለሁ። ቶሎ ብዬም መጻፍ አለብኝ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ከሆነ ቅያሜም ከሚረሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሳልነግርሽ ረስቼው በነፃ እንዳታመልጪኝ።

ግን ምንም ብቀየም ወሬ መከልከል ግፍ ነውና መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ወፍጮ ቤቱን የእህትሽ ልጅ ይዞታል። ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ እኔ ግቢ ተቀምጬ ከድምፁ አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን ዱቄቱ ሻካራ ሆኖ ሴቶቹ እስኪሰድቡት ድረስ አይነቃም። ጌሾሽ በርትቷል። ቀይዋ ዶሮሽ እንቁላሏን ዛሬም ከአልጋዬ ስር ነው የምትጥለው፤ ስንቴ ብቆጣት አንቺን እንጂ እኔን ሰምታ አታውቅ። ጋቢሽን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ብርድ ሲጠና ግን እኔው እደርበዋለሁ። ይህን እንደ ፍቅር እንዳትቆጥሪው፤ የኔው ስለሳሳ ነው።

አሁን ወደ ቅያሜው።

ነገሩ የጀመረው ለቅሶሽ ላይ ነው። ሰው እየገባ እጄን ሲይዝ፣ «እግዜር ያጥናህ» ከማለቱ በፊት ስሙን ይነግረኛል። ከአጥራችን ማዶ ከኔ ጋር እኩል የሸበተው ታደገ፣ ጎንበስ ብሎ «እኔ ታደገ ነኝ፣ ጎረቤትህ» አለኝ። ዓይኔን ጠርጌ አየሁት። ጎረቤቴ መሆኑን ለእኔ የሚነግረኝ፣ በሬው አጥሬን ጥሶ ሽምብራዬን ከበላው ጊዜ ጀምሮ የማውቀው ታደገ! ሐዘን አንዳንዱን ሰው ያጃጅለዋል ብዬ አለፍኩት። ቀጥላ ዘነበች መጣች፤ «እኔ ዘነበች ነኝ፣ እህል የማስፈጭብህ።» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

ከለቅሶው በኋላም አልቀረም። መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ስሙን ከሰላምታው ያስቀድማል። እኔ ምን መሰለኝ? ዕዳቸውን እየከፈሉኝ መሰለኝ። ታውቂያለሽ፣ በወፍጮ ቤቱ ዘመን በዚህ አካባቢ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ እናቱ ባወጣችለት ስም ይገባና፣ ሲወጣ እኔ በሰጠሁት ስም ነበር የሚወጣው። ታደገን ምስጢር አይይዝምና «ቀዳዳው እንስራ» አልኩት። ዘነበችን ሞተሩ ሳይነሳ «ቶሎ በልልኝ» ስለምትል «ቶሎ በሌ» አልኳት። እናም አገሩ ተማክሮ፣ ሚስቱ ሞታ ብቻውን ሲቀር እንበቀለው፣ ስማችንን በግድ እናስጠናው ብሎ ነው አልኩ። ደስ አለኝ። ካንቺ ወዲያ የሚያሾፍብኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። እኔም ጨዋታውን ገባሁበት፤ «እኔ ታደገ ነኝ» ሲለኝ «እኔም የምሥራቅ ጎጃም ጳጳስ ነኝ፤ ና ተሳለም» እለዋለሁ። ይስቃል። ግን እናኑዬ፣ ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም ነበር። አላስተዋልኩም። ወይም አስተውዬ ረስቼዋለሁ፤ አሁን ይሄንንም መለየት አልችልም።

የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ መስቀሉን አውጥተው «እኔ አባ ገብረ ሕይወት ነኝ» ሲሉኝ ግን ሆዴ ጠረጠረ። እሳቸው ቀልድ የሚባል ነገር ቄስ ሲሆኑ ከነጭራሹ የተዉ ሰው ናቸው።

ለፋሲካ በግ ልገዛ ደምበጫ ወረድኩ። ገበያው እንደምታውቂው ነው፤ ጋሪው፣ ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃል። በጉን መርጬ ገመዱን ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የለም። በጉ የማን እንደሆነ፣ እኔ ከየት እንደመጣሁ፣ ፀሐዩ የጧት ይሁን የማታ፣ ምንም። ሰው ሞተሩን አጥፍቶት እንደሄደ ወፍጮ ቤት ጭር አለብኝ። በጉ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ከሁለታችን ያወቀ ካለ እሱ ነበር። ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ አንዲት ሴት እጄን ያዘችና «እኔ ዘነበች ነኝ፣ እህል የማስፈጭብህ» አለችኝ። ስሟን ስትለው አንድ ነገር ከኋላ ገፍቶ መጣ፤ ጆንያዋ፣ ጥድፊያዋ፣ «ቶሎ በሌ»፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ ቤቴ፣ ከዚያ አንቺ። ከዚያ ደግሞ ያንቺ አለመኖር። እሱንም አብራ መለሰችልኝ፤ ምን ታድርግ።

ዘነበች ለልጃችን ለስመኝ ደወለች፤ ስመኝም የትምህርት ቤቷን ሥራ ትታ ከባሕር ዳር ከነፈች። ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። የጭንቅላቴ ኤሌክትሪክ ይለካ ተባለ። እኔ መብራት ኃይል ለወፍጮዬ ቆጣሪ ሲሰቅል እንጂ ለራስ ቅል ሲሰቅል አይቼ አላውቅም። ቅቤ እንዳትቀባ አሉኝ፤ የምቀባው ፀጉር የት አለና! ትንሽ ብቻ ተኝተህ ና አሉኝ፤ ካንቺ ወዲህ ትንሽ መተኛት መደበኛ ሥራዬ ነው።

አንዲት የተረጋጋች ልጅ ራሴን እየጠረገች የሚያጣብቅ ነገር ቀባችኝና ሽቦ በሽቦ አደረገችኝ። በመስተዋት ሳየው በየሰፈሩ ጥግ ያለውን፣ ሰው ሁሉ ሽቦ የጎተተበትን የእንጨት ምሰሶ መሰልኩ። ከዚያ ተኝቼ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አሁን ይክፈቱ፣ በረዥሙ ይተንፍሱ» ትለኛለች፤ በማሽኑ መስኮት ላይ መስመሩ እንደ ሸማኔ ክር ይሮጣል። ዓይኔን ስጨፍን አንቺ መጣሽ፤ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠሽ፣ ቅንድብሽ ዱቄት ለብሶ። ደንግጬ «ልጄ፣ ባለቤቴ እዚያ መስመር ላይ ትታያለች እንዴ?» አልኳት። ሳቀች። «አባባ፣ ሐሳብ አያነብም፤ ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው የሚጽፈው» አለችኝ። ግማሹ ልቤ ተንፈስ አለ፣ ግማሹ አዘነ። አሁንም አብረሽኝ ለመሆንሽ ማስረጃ የሚሆነኝ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን አልተጣደፈም። የሚጥል በሽታ የለብዎትም አለኝ። መስመሩን በጣቱ እያሳየ፣ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ከጭንቅላቱ በስተኋላ የሚነሳ ሞገድ አለ፤ በጉልምስና ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል፤ የሁሉም ሰው ነው አለ። ደግሞ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ትልልቅ ሞገዶች አሉ፤ ቀን የዋልንበትን ጎተራ የሚያስገቡልን እነሱ ናቸው፤ እርጅና ሲመጣ እነሱም ያጥራሉ፣ ይሳሳሉ አለኝ። ገባኝ። ማታ አገሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ኃይሉ ይወርድና የወፍጮው ድንጋይ ይዞራል እንጂ እህሉ አይልምም፤ እንደዚያ ነው ማለት ነው። «ድንጋይ ሲያልቅ እንወቅረዋለን፤ ለዚህ ወቃሪ የለውም?» ስለው ሳቀ። ቀጥሎ ግን አልሳቀም። «የእርስዎ ሞገድ ግን ዕድሜ ከሚያመጣው አለፍ ብሎ ዘግይቷል። ይህ ሥዕል ብቻውን የት እንደሚደርስ አይነግረኝም፤ ሌላም ምርመራ አለ፤ እየመጡ እንከታተላለን» አለኝ። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞሮ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ።

እኔ «ከደምበጫ ጀምሮ» ልል አፌን ስከፍት ልጅሽ አቀረቀረች። «እናቴ በሕይወት ሳለች ጀምሮ ነው። ቆይቷል» አለች።

እናኑዬ፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም አስወጣኋት። አልጋ ላይ ከዋልሽ በኋላ፣ ሊጠይቅሽ የመጣውን ሰው አንድ በአንድ ወደ ጆሮሽ እየጠራሽ አደራ ብለሻል። «እሱ መርሳት ጀምሯል፤ እኔ እሄዳለሁ። ሰላም ስትሉት ስማችሁን አስቀድሙለት፤ ሰው ፊት እንዳያፍርብኝ።» አደራ! በሞት አፋፍ ያለ ሰው የጣለውን አደራ ማን ይበላል? እና እኔ የት ነበርኩ? ስመኝ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ሰው በመጣ ቁጥር «ጠበል አምጣልኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» ትይኝ ነበር። እኔ ደግሞ እግዜር ቢምራት ብዬ፣ በዚያ ጉልበቴ፣ በዚያ ጭቃ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወደ ጠበሉ እሮጣለሁ። እኔ ጠበል ልቀዳልሽ ስሮጥ አንቺ እኔን ለሰፈሩ ታድያለሽ።

ለታደገ! ከሰው ሁሉ ለታደገ!

ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ዕድሜ ልካችንን በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተን፣ ሰፈሩ የሚያውቀውን እኔ ሳላውቀው። አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ያልተነካ ነገር የለም። መንገድ ስንሄድ ከኔ አንድ እርምጃ ቀድመሽ «እንዴት ዋልክ አያ ታደገ፣ በሬህ ተሻለው?» ትይ ነበር፤ «ዘነበችዬ፣ ልጅሽ ከጉንደ ወይን መጣ ወይ?» ትይ ነበር። ስሙም፣ ነገሩም፣ ሁሉም በአንድ ሰላምታ። እኔ ደግሞ «የኔ ሚስት አፏ ከእግሯ ይቀድማል» እያልኩ ሰው አስቅብሽ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር። ለካ እያቀበልሽኝ ነው።

ይሄ ይሁን። ክርክሩን ግን አልምርሽም። በረዶው ጤፉን የደመሰሰው አባቴ በሞቱበት ዓመት ነው ስልሽ፣ ወጣት ሳለን እስከ መኝታ ትከራከሪኝ ነበር፤ አንድ ቀን አሸንፌሽ አላውቅም። በኋላ በኋላ ግን «እውነትህን ነው» ማለት ጀመርሽ። እኔ በእርጅናዬ ጥበብ መጣልኝ ብዬ ኮራሁ! ለልጆቹ ሳይቀር «እናታችሁን አሁን እረታታለሁ» ብዬ ፎከርኩ። የሰጠሽኝ መሆኑን ምን አውቄ። እናኑዬ፣ በዚያ ዘመን ከረታሁሽ ክርክር ውስጥ አንድ እንኳ የእውነት የረታሁት አለ? ይሄንን የሚነግረኝ ሰው የለም። አንዷ ምስክር አንቺ ነበርሽ፣ እሷም አዳላች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከቅያሜው ሁሉ ስር ያለው። ፈርተሽ ነበር። እኔ ተኝቼ አንቺ አጠገቤ ነቅተሽ፣ «ይሄ ሰው ምን ይሆናል?» እያልሽ ፈርተሽ ነበር። እኔ በነጋታው ተነስቼ እቀልድብሻለሁ። አብረን እንድንፈራው አልፈቀድሽልኝም። እኔ ላንቺ የሳቅ ሰው ብቻ ነበርኩ ማለት ነው? ይህንን ነው ክህደት የምለው፤ ሌላው ማጣፈጫ ነው።

ለሙት ዓመትሽ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ዋዜማውን የስመኝ ልጅ፣ ትንሿ ቤዛ፣ ከመኪና ወርዳ እንደ ወትሮዋ አልዘለለችብኝም። ከፊቴ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ቃሏን እንዳጠና ተማሪ፣ «እኔ ቤዛ ነኝ፤ የስመኝ ልጅ» አለችኝ። ልጅቷንም አስጠኑብኝ! እሷን እኮ አልረሳሁም። «አይደለሽም፤ አንቺ ስኳር የምትሰርቂዋ አይጥ ነሽ» አልኳት። ወደ እናቷ ዞራ «ያውቀኛል! ያውቀኛል!» እያለች ጮኸች። ስንት ቀን ያንን ፍርሃት ተሸክማ እንደነበር አስቢው። አደራሽ እስከዚያ ድረስ ደርሷል።

ልጆቹ የመጡት አንቺን ለመዘከር ብቻ አልነበረም፤ እኔን ጠቅልለው ባሕር ዳር ሊወስዱኝ ነው። ስመኝ ክፍል አዘጋጅታለች፤ ወንድሟም ተስማምቷል። ደምበጫ ላይ የሆነው መንገድ ላይ ቢደገምስ፣ ብቻውን እንዴት ይተዋል አሉ። ምን ብዬ ልከራከር? ከዚህ በኋላ የማሸንፈው ክርክር ሁሉ የተሰጠኝ ነው የሚመስለኝ። በነጋታው ዳሱ በር ላይ ወንበር አስወጥቼ ተቀመጥኩ።

ሰው መግባት ጀመረ፤ ሁሉም ስሙን ያስቀድማል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጳጳስ መሆኔን ተውኩ። ሰው ስሙን ሲሰጠኝ፣ ሞተሩ በእጅ ሲገፋ እንደሚነሳው፣ የኋላው ሁሉ ይነሳልኛል። «እኔ ዘነበች ነኝ» ስትል «አውቃለሁ ቶሎ በሌ፤ ለምሳም እንዲህ ተጣድፈሽ ነው የመጣሽው?» እላታለሁ። ታደገ ሲመጣ ግን አልማርኩትም። ስሙን ነገረኝ፤ «የትኛው ታደገ?» አልኩት። ጎረቤትህ አለኝ። «ጎረቤት አለኝ እንዴ?» አልኩት። ፊቱ አመድ ሲመስል «ሽምብራዬን የበላው በሬ ደህና ነው?» አልኩት። ሳቁን ብትሰሚው፤ ያን ቀን ዓይኑም ሳቀ።

ሁሉንም ልንገርሽ፤ እኔ እንደ አንቺ አልደብቅም። አንዲት ሴት ገባች። ስሟን ነገረችኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነችም ነገረችኝ፣ አንቺ ክርስትና እንዳነሳሻት ነገረችኝ። ጠበቅሁ። ምንም አልተነሳም። ደህና የተወቀረ ድንጋይ ባዶውን ሲዞር እንደሚያሰማው ያለ ጩኸት ብቻ። «ዱቄቱ ላመልሽ ወይ?» አልኳት፤ ለማንም ሴት የሚሆን ነው። እጄን ስማ ገባች። ስሟ አሁንም ጠፍቶኛል።

ስመኝ ይህን ሁሉ የዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። ማታ ሰው ሲያልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ባሕር ዳር አስፋልቱ ላይ ማን ስሙን ይነግረኛል?» አልኳት። «እማዬ ይህን ያወቀች ይመስልሃል?» አለችኝና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የመሄዱ ነገር አልተነሳም። ዘነበች በየጧቱ ታየኛለች፤ ገበያ ብቻዬን አልወርድም፤ ሐኪሙ ጋ በቀጠሮዬ እሄዳለሁ። እንዲህ ሆነን ተስማማን።

ቤቴ የቀረሁት ሰፈሩ ፊት ባሳጣሽኝ በዚያው አደራ ነው፤ ይህን ክጄ አልዋሽም። ግን አልታረቅኩሽም። ውለታም ክህደት ይሆናል፤ አንቺ ሁለቱን በአንድ ጀሪካን አስቀዳሽኝ።

እንዳልረሳሽ ቃል እገባለሁ ብዬ ብጽፍ ከመቃብርሽ ሆነሽ ትስቂብኛለሽ። የምችለውን ብቻ ነው ቃል የምገባው። ጧት ስነቃ ማንም ስሙን ሳይነግረኝ በፊት ስምሽን እጠራዋለሁ፤ ሌላ ሰሚ ከጠፋ ለቀይዋ ዶሮ። ደግሞም አደራ መጣል የምታውቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ታደገን ጠራሁት። «አንድ ጧት ሚስቴን ማን እንደምትባል ያጣሁ እንደሆነ፣ ና ንገረኝ። እናኑ በለኝ። በወፍጮ ሚዛን አጠገብ የምትቀመጠው፣ አፏ ከእግሯ የሚቀድመው በለኝ» አልኩት። ማለልኝ። ዕድሜ ልኬን ስሰድበው የኖርኩት ቀዳዳ እንስራ በመጨረሻ የሚያፈስልኝ አንቺን ይሁን።

እኔም ወዳንቺ የምመጣበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ባሌ ያውቀኛል ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። በር ላይ ከኔ አንድ እርምጃ ቀድመሽ፣ እንደ ዱሮሽ ስምሽን አስቀድመሽ ሰላም በይኝ። እኔም ማን ጠየቀሽ ብዬ እቆጣሻለሁ።

ያንቺው ሽማግሌ፣ እስካስታወሰ ድረስ ተቀያሚሽ